«የጾም ነው የፍስክ?» ሲሉኝ ምን ልበል? የካቶሊክ ልጆች እዚህ ኑ

ማኪያቶ_በወተት (ማክሰኞ፣ የካቲት 24 ቀን 2018)

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው፣ ዛሬ ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ስለዋለ ልጻፈው።

ጠዋት ቢሮአችን ሥር ያለው ካፌ ገባሁ። ልጅቷ ቀና እንኳ ሳትል «የጾም ነው የፍስክ?» አለችኝ። «የፍስክ» አልኩ። ማክሰኞ ነው፣ እኛ ቤት በዐቢይ ጾም ረቡዕና ዓርብ ነው የሚያዘው፣ እናቴ እንደዚያ ነው ያሳደገችን። ከኋላዬ የቆሙት ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው። አንዷ ዓይኗን አፍጥጣ «አንቺ! ሁዳዴ እኮ ነው!» አለችኝ። ሌላኛው ደግሞ ሊያድነኝ ብሎ «ተያት፣ ካቶሊክ ናት፣ እነሱ አይጾሙም» አላት። የእሷስ ግድ የለም። የእሱ ማዳን ነው የገደለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዘንድሮ ስኳር ትቻለሁ። ያንን ማኪያቶ ያለ ስኳር ነው የጠጣሁት፣ እንደ ኮሶ። እኔ እኮ በሦስት ማንኪያ የምጠጣ ሰው ነኝ። ግን ምን ብዬ ልናገር? «ስትጦሙ እንደ ግብዞች አትጠውልጉ» ተብሎ የለ? ዝም ካልኩ አይጾሙም እባላለሁ፣ ከተናገርኩ ግብዝ ነኝ።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ይኼ ነው። ባለፈው ዓርብ ፍኖተ መስቀል (የጌታን የሕማም መንገድ በ14 ምዕራፍ እየተከተልን የምንጸልየው) ሄድኩ። 11 ሰዓት ተኩል ነው የሚጀመረው። ቆጠርኩ (መቁጠር እንደሌለብኝ አውቃለሁ)፣ ከአባና መስቀሉን ከያዘው ልጅ ጋር 17 ነን። በፋሲካ ሌሊት ግቢው ሳይቀር የሚሞላ ቁምስና (ሰበካ) ነው። ሁሉም በየጥጉ ተበታትኖ ቆሟል። የአሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ ሥዕል መስታወቱ ከተሰነጠቀ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፣ የሚያየው ሰው ስለሌለ መሰለኝ እስካሁን አልተቀየረም። ሲያልቅ ማንም ማንንም ሳያናግር ታክሲ ለመያዝ ወጣ። እኔም ጭምር። ቤቴ ስገባ «የአንድ ቁምስና ሰዎች ነን የምንለው ምናችን አንድ ሆኖ ነው?» አልኩ።

እናንተ ጋ እንዴት ነው? ማን ምን ይጾማል? ዓርብ ስንት ሰው ይመጣል? ደግሞ የካፌዋ ልጅ ነገም መጠየቋ አይቀርም፣ ምን ልበላት?

የሶዶ_ልጅ

«የጾም» በይና ገላግይን ሃሃሃ።

እኔ ወላይታ ነው ያደግሁት፣ ላቲን ሥርዓት (የሮም ሥርዓት የሚባለው) ነን። ገጠር ነው። ቁምስናው ሰፊ፣ ጸሎት ቤቱ ብዙ፣ ካህኑ አንድ። እኛ ጋ ካህን የሚደርሰው በወር አንዴ ነው፣ መንገዱ ከጨቀየ እሱም ይቀራል። ስለዚህ ጾሙን የሚያንቀሳቅሰው ካቴኪስቱ (የሃይማኖት አስተማሪው) ነው። ፍኖተ መስቀል የምናደርገው ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ካለችው ኮረብታ ላይ ነበር፤ 14 የባሕር ዛፍ መስቀል ተተክሏል፣ እያንዳንዱን የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ። የእኛ ቤት ስድስተኛው ነበር፣ ቬሮኒካ የጌታን ፊት የጠረገችበት። ዓርብ ጠዋት ሣሩን የምናጭደው፣ መስቀሉ ካዘነበለ የምናቃናው እኛ ነን። እናቴ ደግሞ የታጠበ ነጠላ ታለብሰዋለች።

ጎረቤታችን አራተኛው ነበሩ፣ ከእናቱ ጋር የተገናኘበት። አንድ ዓመት ከአባቴ ጋር በድንበር ተጣልተው አይነጋገሩም። ግን አራተኛው ጋ ሳትቆም ስድስተኛው ጋ አትደርስም። አባቴ ቆመ። ምን ያድርግ፣ መንገዱ በዚያ ነው።

እና ቁጥሩን ተይው እህቴ። 17 ሰው ካለሽ 14ቱን ምዕራፍ አከፋፍያቸው፣ ሦስት ተጠባባቂ ይተርፍሻል።

ዘዓሊቴና

ይቅርታ፣ የምናገረው ላይወደድ ይችላል። «ካቶሊክ አይጾምም» የሚያስብሉን እኛው ነን። ማክሰኞ ጠዋት በሁዳዴ ወተት ይዘሽ ቆመሽ ሰውየውን ልትወቅሽው አትችዪም።

እኔ ኢሮብ ነኝ፣ ኑሮዬ አሁን አዲስ አበባ ነው። እኛ ጋ 55ቱም ቀን ይጾማል። ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ። አያቴ የእሷ ጾም ከኦርቶዶክስ ጎረቤቷ ጾም ይለያል የሚባል ወሬ ሳትሰማ ነው ያረፈችው። የግእዝ ሥርዓት ነን እኮ! ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ እያልን እንቆጥራለን። አቡነ ያዕቆብ፣ ፈረንጆቹ ዩስጢኖስ ደ ያኮቢስ የሚሏቸው፣ ጣሊያናዊ ሆነው ሳሉ የአገሩን ልብስ ለብሰው በአገሩ ሥርዓት ነው የኖሩት። በፈረንጅ 1860 እስካረፉ ድረስ። እኛ ደግሞ ሐበሻ ሆነን ላቲን ለመሆን እንሽቀዳደማለን።

ፍኖተ መስቀልም ቢሆን የላቲኖች ነው፣ ይመራችሁ እንጂ እውነቱ እሱ ነው። ፍራንቸስካውያን ናቸው ያስፋፉት፣ 14 ምዕራፍ ሆኖ የጸናውም በ1731 ነው። እኛ ስግደት አለን፣ ምሕላ አለን፣ ዜማ አለን። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ራሱ በ1964 የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ወደ አባቶቻቸው ሥርዓት ይመለሱ ብሏል። 17 ሰው መጣ ብሎ መገረም አያስፈልግም።

የሶዶ_ልጅ

ወንድሜ፣ ቬሮኒካን ፍርድ ቤት ልታቆማት ነው? ፊቱን ጠረገች እንጂ ሌላ ምን አደረገች።

ካቴኪስቱ

ልጆች ቀስ በሉ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ሰውን ግራ የሚያጋባውም እሱ ነው።

በላቲን ሥርዓት ሕጉ አጭር ነው። ጾም፣ ማለት አንድ ሙሉ ማዕድ ብቻ ሆኖ ሌላው ቀለል ያለ፣ በአመድ ቀን (ጾሙ የሚጀምርበት፣ ግንባር ላይ አመድ የምንቀባበት ረቡዕ) እና በስቅለት ነው። ከሥጋ መከልከል ደግሞ ዓርብ ዓርብ። ከሥጋ መከልከሉ ከ14 ዓመት ይጀምራል፣ ጾሙ ከ18 እስከ 59። ትንሹ ይኼ ነው፣ ከዚህ በላይ አትጹሙ ያለ የለም። የምሥራቅ ሥርዓት የሆኑት፣ የእኛ ግእዝም ጭምር፣ ግን በዚህ አይዳኙም። የምሥራቆቹ ሕገ ቀኖና የሚለው እያንዳንዷ ቤተ ክርስቲያን በደነገገችው መንገድ ይጹሙ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ አዲግራት የተወለደው፣ እምድብር የተወለደው፣ ሶዶና ነቀምት የተወለደው አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አንዱ 55 ቀን፣ አንዱ ረቡዕና ዓርብ፣ አንዱ ዓርብ ብቻ፣ አንዷ ስኳር።

አምና ለመጀመሪያ ቁርባን የሚዘጋጁትን ልጆች «ቤታችሁ ምን ይጾማል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። አንዱ ልጅ ተነሥቶ «አባዬ ጾም ነው፣ እማዬ ፍስክ ናት፣ እኔ የተገኘውን» አለኝ። እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም።

ለማኪያቶ የምለው፣ አንቺ ጾመሻል። ሁላችንም እንጾማለን፣ ግን ለየብቻችን ነው። አንዱ የአንዱን አያውቅም። ካላመንሽኝ ነገ ከጎንሽ የተቀመጠውን ሰው ጠይቂው።

ጎረቤታችሁ

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ርዕሱ አስቆኝ ነው የገባሁት፣ ውጪ ካላችሁኝ እወጣለሁ።

እኛም ሁላችን ጀግኖች አይደለንም። እኔ ራሴ የቱን ያህል በልቤ እንደምጾም የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው። ግን እኔ ብሰንፍ እንኳ ከተማው ይጾምልኛል። ሥጋ ቤቱ ተዘግቷል፣ ምሳ ቤቱ በያይነቱ ነው፣ ካፌው በአኩሪ አተር ወተት ማኪያቶ ይሠራልኛል፣ እናቴ ጋ ደግሞ የቅቤው ዕቃ ከላይ መደርደሪያ ላይ ተከድኖ ተቀምጧል፣ ማን ይወጣለታል። ሰው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ስለሚሄድ ተገፍቼ እደርሳለሁ። እናንተ ግን ካፌውም ምኑም ሳያስታውሳችሁ ዓርብን ራሳችሁ ማስታወስ አለባችሁ። እኔ ብሆን ሁለተኛው ሳምንት ላይ ክትፎ ቤት ነው የምትይዙኝ።

ያ ልጅ «አይጾሙም» ያለው በክፋት አይመስለኝም። አላየማ። ማን አሳየው?

ዘዓሊቴና

እኔ ስለው ጠላት፣ እሷ ስትለው ጥበብ። እሺ ይሁን።

ተመላሽ

ቤይሩት 6 ዓመት ሠርቼ ነው የተመለስኩት። ማዳሜ ማሮናይት ነበረች። እነሱም ካቶሊክ ናቸው፣ ግን ጾማቸው የሚጀምረው ሰኞ ነው፣ አመድም የሚቀቡት ሰኞ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ግንባሯ ላይ ጥቁር ነገር አየሁና ምስኪን፣ ተላላኪዋ እኔ፣ እርጥብ ጨርቅ ይዤ ልጠርግላት ተነሣሁ። ጩኸቷን ጎረቤት ሰምቶታል።

እሷ ከእኩለ ሌሊት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ምግብ አትቀምስም ነበር። እኔ ደግሞ በአገሬ ቁጥር ነው የምጾመው። ብዙውን ጊዜ እሷ ፋሲካዋን ስትበላ እኔ ገና ነኝ። አንድ ማድቤት፣ ሁለት ድስት፣ ሁለቱንም የማማስለው እኔ።

እሑድ ዕረፍት ሲሰጠኝ (ሁልጊዜ አይደለም) ሐበሾች ወደምንሰበሰብበት ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ኦርቶዶክሷም ጴንጤዋም ትመጣለች፣ ማን ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከቅዳሴ በኋላ አንዷ ሽሮ በአይስክሬም ዕቃ፣ አንዷ እንጀራ በፌስታል ጠቅልላ ታወጣለች፣ እንጀራውን ከየት እንዳመጣችው እግዜር ይወቅ። ደረጃው ላይ ተደርድረን እንበላለን። ስብከቱን አንዱንም አላስታውስ። ያ ሽሮ ግን እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ።

አዲስ አበባ ተመልሼ ሰፈሬ ያለው ቁምስና ስሄድ አራት እሑድ ሙሉ «እንዴት አደርሽ» ያለኝ ጥበቃው ብቻ ነው። አምስተኛው ላይ እኔ ራሴ አጠገቤ ያለችውን ሴትዮ ሰላም አልኳት። ደነገጠች።

ዲሲ_ማታ

የተመላሽን ሳነብ እንባዬ መጣ። ዕድሜ ነው መሰለኝ።

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ሰፈራችን ያለው የአሜሪካኖቹ ቁምስና በጾም ዓርብ ዓርብ የዓሣ ጥብስ ያዘጋጃል። እነሱ ዓሣ ይበላሉ፣ ክልክሉ ሥጋ ብቻ ነው። የማክዶናልድስ የዓሣ ሳንድዊች እንኳ የመጣው ከዚህ ነው፤ በ1962 ሲንሲናቲ ውስጥ ካቶሊክ የበዛበት ሰፈር ያለ ባለ ሱቅ ዓርብ ዓርብ ሃምበርገር የሚገዛው ሲያጣ የፈለሰፈው ነው። እና ዓርብ ማታ አዳራሹ ይሞላል። ቅዳሴ የማይመጣው ሁሉ ለዓሣው ይመጣል። ጡረታ የወጡ ሽማግሎች ሽርጥ ታጥቀው ይጠብሳሉ፣ ልጆች ጠረጴዛ ይጠርጋሉ፣ ከዚያ ግማሹ ወደ ፍኖተ መስቀል ይገባል፣ ግማሹ ወደ ቤቱ። መጀመሪያ ላይ «ይኼ ምን ጾም ነው፣ ድግስ እንጂ» ብዬ አምቼአለሁ። አሁን የሎሚው ቆራጭ እኔ ነኝ።

ሌላው የካርቶን ሳጥኗ ናት። ራይስ ቦል ይሏታል፣ በ1975 ፔንሲልቬንያ ውስጥ የአፍሪካን ረኃብ ሰምተው የጀመሯት ናት። በጾሙ መጀመሪያ ለየቤቱ ትታደላለች፣ ያልበላኸውን ዋጋ እዚያ ትጨምራለህ። ከሚሰበሰበው 75 በመቶው ለካቶሊክ የዕርዳታ አገልግሎት ይሄዳል፣ አገር ቤትም ለረጅም ዓመታት የሠራው ድርጅት ማለት ነው፤ 25 በመቶው እዚያው ሀገረ ስብከት ይቀራል። ልጄ የአይስክሬም ብሯን ስትከት ካየሁ በኋላ እኔም አፈርኩ።

ቀኑ ግን መከራ ነው። ዘንድሮ እዚህ ፋሲካ በፈረንጅ ኤፕሪል 5 ነው፣ የእናንተ 12። የእነሱ ትንሣኤ የእናንተ ሆሳዕና ላይ ይውላል። እናቴ በአገር ቤቱ፣ ልጆቼ በአሜሪካኖቹ፣ እኔ መሃል ላይ ሆኜ ሁለቱንም ፋሲካ እበላለሁ። አምና አንድ ቀን ውሎልን ቤታችን እንዴት እንደነበር! በማግሥቱ ማዕዶት ሰኞ ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ማረፋቸውን ሰማን፣ የዶሮው ድስት ገና አልታጠበም ነበር።

ማኪያቶ_በወተት (ረቡዕ፣ የካቲት 25)

ዛሬ «የጾም» ብዬ አዘዝኩ፣ ረቡዕ ስለሆነ ውሸት አይደለም።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ፣ አትሳቁ። ዓርብ ከፍኖተ መስቀል በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሽሮ ብንበላስ? ሽሮ ብቻ። እንጀራ፣ ሽሮ፣ ውሃ። ሰው ያን ቀን የተወውን የማኪያቶ ወይ የምሳ ብር ሳጥን ውስጥ ይጨምራል፣ ቤት ውስጥ ለተኙ የቁምስናችን ሕሙማን ይሆናል። ሁሉም ከተጣላበት ሕግ ጋር የማይጣላ ምግብ ሽሮ ይመስለኛል።

ሽማግሌው

በጾም ድግስ አልሰማሁም። እኛ ልጆች ሆነን ከፍኖተ መስቀል ወጥተን ዝም ብለን ነበር ወደ ቤት የምንሄደው። ዝምታውም ጸሎት ነበር። አሁን ሁሉ ነገር ያለ ሰሃን አይሆንም።

የሶዶ_ልጅ

ጋሼ፣ ክብር ይስጥልኝ፣ ግን ያኔ ዝም ብለው የሄዱት ወደ ሞላ ቤት ነው። ዛሬ ዝም ብሎ የሚወጣው ልጅ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ኢንዶሚ ሊቀቅል ነው የሚሄደው።

ሽማግሌው

ይኼን አላሰብኩትም። እሺ ቀጥሉ።

እምድብር77

ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን እስቲ አንዱ ይንገረኝ፣ ሽሮውን ማን ነው የሚሠራው? መልሱን አውቀዋለሁ። እናቶች። ሁሉም እያለቀሰ ስምዖን ቀሬናዊ መስቀሉን ሲያግዝ ይሰማል፣ እማማ አዳራሽ ውስጥ ድስት ላይ አጎንብሳ ትቀራለች። የሚያግዛት ስምዖን የለም። እኛ ቁምስና አንድ ጊዜ ለሱባኤ ጎመን በቆጮ ተዘጋጅቶ፣ ጎመን የከተፉት ሴቶች አንዱንም ትምህርት ሳይሰሙ ሱባኤው አለቀ። በኋላ የምስጋና ንግግር ተደረገላቸው፣ በጭብጨባ። እኔ ከከታፊዎቹ አንዷ ነኝ፣ ጭብጨባውን አልፈልገውም ነበር።

ስለዚህ ሽሮው ከቤት ተሠርቶ ይምጣ፣ ወንዶች ሰሃን ይጠቡ። ያለዚያ ይቅር።

ካቴኪስቱ

ጸድቋል። እኔ እዚያ ብኖር የመጀመሪያው አጣቢ ነበርኩ።

ዘዓሊቴና

ማኪያቶ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ መስታወቱ የተሰነጠቀው ሥዕል በስተግራ በኩል ነው? ከሥሩ አሮጌ ማሞቂያ የተቀመጠበት?

ማኪያቶ_በወተት

… አዎ?

ዘዓሊቴና

ከ17ቱ አንዱ እኔ ነኝ። ሦስተኛው ወንበር፣ ግራጫ ጃኬት።

የሶዶ_ልጅ

ቆይ ቆይ ቆይ። «የላቲኖች ነው» ያልከው ሰውዬ ዓርብ ማታ ፍኖተ መስቀል ላይ ነበርክ???

ዘዓሊቴና

የላቲን ነው አልኩ እንጂ አልሄድም አላልኩም። አያቴም ትሄድ ነበር። ጉልበቷ እያመማት 14 ጊዜ ተንበርክካ 14 ጊዜ ትነሣለች፣ 1731ን ማን ነገራት።

ማኪያቶ_በወተት (ዓርብ፣ የካቲት 27)

ዛሬ ከፍኖተ መስቀል በፊት አባን ያዝኳቸው። ሰምተው ሰምተው «አዳራሹን እሰጣችኋለሁ፣ ብር የለኝም፣ ቁልፉን ግን እንዳታጠፉብኝ» አሉ። የዛሬ ሳምንት ነው። ሁለት እናቶች ሽሮ ከቤት ሠርተው ሊያመጡ ተስማሙ። ግራጫ ጃኬቱንም አገኘሁት፣ እዚህ እንደሚጽፈው አይቆጣም፣ ይልቅ ዓይን አፋር ነው። ዛሬ 19 ነበርን።

ማኪያቶ_በወተት (ቅዳሜ፣ መጋቢት 5)

ቃል በገባሁት መሠረት የትናንቱን ልንገራችሁ። ረጅም ነው።

መጀመሪያ፣ ምዕራፎቹን እንደ ሶዶ_ልጅ ምክር አከፋፈልናቸው። አሥራ ሁለተኛውን ለሽማግሌ አባት ሰጠን፣ ጽሑፉ አልታይ ብሏቸው በቃላቸው አሉት፣ ከተጻፈው ይሻላል። አሥረኛው ላይ መብራት ጠፋ። በስልክ ብርሃን ቀጠልን፣ አንዷ ልጅ ስልኳን ለአንባቢው ስታበራ እጇ ደክሟት በሌላው እጇ ደገፈችው፣ እስከ አሥራ አራተኛው እንደዚያው ናት። ስንጨርስ ቆጠርኩ (አሁንም!)፣ 34።

አዳራሹ ውስጥ ሻማ አበራን። በር ላይ ቆሎ የምትሸጠዋ እናት ገብታ ተቀመጠች። ያ «አይጾሙም» ያለው የቢሮዬ ልጅም መጣ፣ ጎረቤታችሁ «ማን አሳየው» ካለች በኋላ ጠርቼው ነበር። መምጣቱን አላመንኩም። እንጀራ ዘርግተን፣ አባ ባርከው፣ የመጀመሪያው ድስት ተከፈተ። ቆንጆ ሽሮ። ሁለተኛው ድስት ተከፈተ፣ እሱ ደግሞ ከሁሉ በላይ ይሸታል። በጣም ይሸታል። ግራጫ ጃኬት አፍንጫውን ወደ ላይ አደረገና ቀጥ ብሎ ቆመ።

ቅቤ ነው። ንጥር ቅቤ፣ በኮረሪማ።

እናትየዋ «ምን አጠፋሁ? ዓርብ ሥጋ ነው እንጂ የማይበላው ቅቤ መቼ ተከለከለ?» አሉ። በእሳቸው ቤት ሕግ ትክክል ናቸው። ግራጫ ጃኬት አፉን ከፍቶ ሊጀምር ነው፣ 1964ን ሊጠቅስ ነው፣ ፊቱ ላይ አየሁት። ግን ሴትዮዋን አያቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ድስቱን ከሰፈራቸው ታክሲ ላይ በጉልበታቸው አቅፈው ነው ያመጡት፣ ቀሚሳቸው ላይ ፈስሷል። ዝም አለ። ከዚያ ጭልፋውን ከእጃቸው ተቀበለና ሁለቱን ድስት ለያይቶ አስቀመጠ። ከኋላቸው ቆመና ሰሃን ይዞ የሚመጣውን ሁሉ አንድ በአንድ፣ የቢሮዬንም ልጅ ጨምሮ፣ «የጾም ነው የፍስክ?»

የቢሮዬ ልጅ ሳቁን ለቀቀው። እኔ ቁጭ ብዬ ነው የሳቅኩት፣ መቆም አልቻልኩም።

ካቴኪስቱ

አባ የትኛውን በሉ?

ማኪያቶ_በወተት

እንጀራ በቃሪያ። «እኔ ዳኛ አይደለሁም» እያሉ።

ጎረቤታችሁ

ያ የቢሮሽ ልጅ የትኛውን በላ? ለእኛ ቤት ክብር ነው የምጠይቀው።

ማኪያቶ_በወተት

የጾሙን፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ። ከዚያ 34 ሰሃን ከግራጫ ጃኬት ጋር አጠበ። በባትሪ ብርሃን።

እምድብር77

ይኼን ሰምቼ ልሙት።

ተመላሽ

ቁምስናው የት እንደሆነ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። እንጀራ እኔ አመጣለሁ።

ዘዓሊቴና

ለሚመጣው ዓርብ፣ ድስት በር ላይ ይፈተሻል። የምፈትሸው እኔ ነኝ። እትዬ ግን ቅቤያቸውን ለፋሲካ እንዲያቆዩልኝ ነግሬአቸዋለሁ፣ እሺ ብለዋል።

ማኪያቶ_በወተት

ፈትሽ። ግን የሳሙናው ተራ ያንተ ነው፣ ፈሳሹን ግዛ፣ የዱቄቱ እጅ ይበላል። መስታወቱን ደግሞ አባ ልኩን ለክታችሁ አምጡ ብለዋል፣ ሜትር ያለው ይዞ ይምጣ።